ከላስቲኩ ሥር ያለው ከፋይ

ሃምሳ ዓመት ሙሉ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፍቻለሁ፤ እንደ ላስቲክ የምጠላው ነገር የለም። መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ወንበሩ ስስ ላስቲክ ለብሶ ነው። የላስቲኩ ሥራ ገዢው እጅ እስኪደርስ ወንበሩ እንዳይቆሽሽ መጠበቅ ነው፤ ከዚያ ይነሳል። እኛ ግን አናነሳውም። ላስቲኩ የተነሳ ቀን መኪናው አሮጌ ሆነ ብለን እናምናለን። ሲቀደድ ደግሞ ወደኔ ይመጡና ወፍራም ላስቲክ አሰፍተው በላዩ ይደርባሉ። ስንቱን ያማረ ከፋይ በገዛ እጄ እንደቀበርኩ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። እኔስ ብሆን ከማን እሻላለሁ? የቤቴ ሳሎን ወንበር የእጄ ሥራ ነው፤ አንሶላ ለብሶ፣ በር ተቆልፎበት ነው የሚኖረው። ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት አንዴ፣ እናቴ የሞተች ዕለት አንዴ ተቀምጬበታለሁ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ላቢብ ገርጊስ ላወራችሁ ስለፈለግሁ ነው።

ላቢብ እዚሁ ሹብራ ሰፈር፣ ከሱቄ ሁለት በር አልፎ ይኖራል። አብረን ነው ያደግነው፤ እሱ ትምህርቱን ገፋ፣ እኔ መርፌ ያዝኩ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር። ንፉግ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤት ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው፣ ሬሳ ሲወጣ ከፊት የሚሸከመው እሱ ነው። የሱ በሽታ ማስቀመጥ ነው። አዲስ ፒጃማ ይገዛና "ሆስፒታል ብገባስ" ብሎ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆልፈዋል፤ ሆስፒታል የገባ ጊዜ በአሮጌው ነው የገባው። ጡረታ ሲወጣ የተሸለመው የእጅ ሰዓት ዛሬም ከነሳጥኑ ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ሲፈልግ ብቅ ብሎ እኔን ይጠይቀኛል።

ፔዦ 504 መኪናውን የገዛው ከአርባ አራት ዓመት በፊት፣ ኢራቅ አራት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ ነው። ገና ከወደብ እንዳመጣው ሱቄ ደጃፍ አቆመና ጠራኝ። የኋላውን ወንበር ላስቲክ ጫፉን ገለጥ አድርጎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያሳይ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እየው" አለኝ። የማር ቀለም ያለው ከፋይ ነበር። እኔ በሙያዬ ብዙ ጨርቅ ነክቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላየሁም። ልነካው እጄን ስዘረጋ ላስቲኩን መለሰው።

"ምን ሆንክ? ልነካው ነበር እኮ!"

"እጅህ ዘይት አለው።"

ከሁለት ዓመት በኋላ የፋብሪካው ላስቲክ መቀደድ ሲጀምር ወፍራሙን አሰፋኝ። ዳር ዳሩን አጥብቄ፣ አቧራ የሚገባበት ቀዳዳ ሳልተው ሰፋሁለት። ጥሩ ሥራ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ጥሩነቱ ያናድደኛል።

በዚያ መኪና ውስጥ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይጨስም። ልጆቹ ናዴርና ማርሴል እግራቸውን ጋዜጣ ላይ አሳርፈው ነው ያደጉት። በበጋ ላስቲኩ እንደ ምጣድ ስለሚግል ሚስቱ ፈርያል ፎጣ ሳትይዝ ወጥታ አታውቅም። ሰፈሩ በበኩር ልጇ ስም ኡም ናዴር ይላታል፤ ልጆች ግን በስውር "ባለ ፎጣዋ" ይሏት ነበር። ማርሴል ስታገባ ላቢብ ላስቲኩን አነሳለሁ ብሎ ቃል ገባ። በዋዜማው ሐሳቡን ለወጠ። ሙሽራዪቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትወርድ ቀሚሷ በላብ ላስቲኩ ላይ ተጣብቆ እንደ ፕላስተር ሲላቀቅ ሰው ሁሉ ሰማ። ማርሴል አለቀሰች። ፈርያል የዚያን ቀንም ምንም አላለችም።

የተናገረችው ዘንድሮ ነው።

ከትንሣኤ ማግስት ባለው ሰኞ፣ ሰው ሁሉ ወደ መስክ በሚወጣበት ቀን፣ ሁለቱ ወደ ናይል ዳር እየሄዱ ነበር። ለዚያ ቀን ተብሎ በጨው ከርሞ የሸተተው ዓሣ በሦስት ፌስታል ታስሮ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ተቆልፏል። አንድ ባጃጅ ከፊታቸው ጥልቅ ሲል ላቢብ ፍሬን ያዘ። ፈርያል ላስቲኩ ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራታ ጉልበቷ ከክሩስኮቱ ጋር ተጋጨ። የጉልበቷ አጥንት ተሰነጠቀ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስራ ከረመች። ጀሶው የተፈታ ዕለት ላቢብ መኪናውን አጥቦ ሆስፒታሉ በር ድረስ አመጣላት። በሩንም ከፈተላት። እሷ ወንበሩን አየችው፣ እሱን አየችው፣ ከዚያ ምርኩዟን ወደ ላይ አንስታ ባጃጅ አስቆመች።

"ላስቲኩ እያለ እዚያ መኪና ውስጥ አልገባም" አለችው።

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ሹብራ የሚያየው ይህንን ነበር፦ ከፊት ፈርያል በባጃጅ፣ ከኋላ ላቢብ ብቻውን በፔዦ፣ እንደ አጃቢ ቀስ እያለ። ሰው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ግን ነሐሴ ሲቃረብ ሳቁ አለቀ። ሁለቱ ከተጋቡበት ዓመት ጀምሮ፣ ላቢብ ኢራቅ ከነበረባቸው ዓመታት በቀር፣ ነሐሴ አምልጧቸው አያውቅም፤ ናይል ከባሕር ጋር ወደሚገናኝበት ወደ ራስ ኤል-ባር ይሄዳሉ። ዘንድሮ የተጋቡበት ሃምሳኛ ዓመት ነው። ፈርያል በአውቶቡስ ለመሄድ ጉልበቷ አይችልም፣ በመኪናው ላለመሄድ ምላለች። ስለዚህ አትሄድም። ላቢብም ያለሷ አይሄድም፤ ግን ላስቲኩን አላነሳም አለ። ሁለቱም ሰባውን አልፈዋል። ስንት ነሐሴ እንደቀራቸው ማን ያውቃል?

አንድ ቀን ጠዋት ላቢብ ሱቄ ገባና በሩን ገርበብ አደረገው።

"ሸሃታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሚስጥር ነው ግን።"

"አንተና ሚስጥር! ሚስትህ በባጃጅ አንተ በፔዦ ስትሄዱ ሹብራ በሙሉ እያያችሁ?"

"ቀልዱን ተወው። የወንበር ልብስ ስፋልኝ። ጥሩ ጨርቅ፣ ቆንጆ። ግን ላስቲኩ አይነሳም፤ በላዩ ላይ ነው የምትሰፋው።"

"ልታታልላት ነዋ!"

"ማታለል አይባልም። እሷ የምትቀመጠው ጨርቅ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ምን አገባት?"

"ከሥሩ ያለው አይደል እንዴ ጉልበቷን የሰበረው?"

"ጨርቅ አያንሸራትትም። አንተ ዝም ብለህ ስፋ፣ በናትህ።"

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ልመናው አሳዘነኝ፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ልቦናዬ ይህን ያህል ዓመት የላቢብን ወገን ሲይዝ ኖሯል። ቡናማ ጨርቅ መርጬ በሦስት ቀን ሰፋሁና በላስቲኩ ላይ ወጥሬ አለበስኩት። ከላይ ላየው ምንም አይወጣለትም።

ፈርያል ምርኩዟን ይዛ መጣች። ዞራ ዞራ አየችውና "ያምራል" አለች። ላቢብ ደረቱ ነፋ አለ። እሷ ጎንበስ ብላ መዳፏን ወንበሩ ላይ ጫን አደረገች። ከውስጥ ክሽክሽ አለ። ደግማ ጫን አለችው። ክሽክሽ። እኔ ጫማዬን መመርመር ጀመርኩ።

"ኡስታ ሸሃታ፣" አለችኝ፣ በባለሙያ መጠሪያዬ፣ ላቢብን ትታ፤ "ይሄ ወንበር ምን እያለ ነው?"

"ምንም አይልም ኡም ናዴር። አዲስ ስለሆነ ነው።" ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

"አዲስ ጨርቅ ይንኮሻኮሻል?"

"ስፖንጁ ነው" አለ ላቢብ ጥልቅ ብሎ።

"ስፖንጁ! አርባ አራት ዓመት ይሄን ድምፅ ከጭኔ ሥር ሰምቼዋለሁ። ከልጆቼ ድምፅ ይልቅ እሱን ነው የማውቀው። እሱን ምንም አልልም፣ ለምዶበታል። አንተ ግን ሸሃታ! አንተ እንኳ ሰው ነህ ብዬ ነበር። ለነገሩ ምን ይገርማል፤ ያንተም ሳሎን አንሶላ ለብሶ ተኝቷል፣ ሚስትህ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ አስቀምጣ ነው ሻይ የምታጠጣኝ።"

ዞራ ሄደች። ምርኩዟ ድንጋዩን ሲመታ እስከ ቅያሱ ጫፍ ተሰማን። በሕይወቴ ብዙ ደንበኛ ጮኾብኛል፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም።

ላቢብ ከሱቄ አልወጣም። ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሻይ ቢቀርብለት አልነካውም።

"ለማን ነው ግን የምታስቀምጠው?" አልኩት።

"ሲሸጥ ዋጋ ያወጣል።"

"ልትሸጠው ነው?"

"ምን በወጣኝ!"

"እና?"

"ናዴር ሲመጣ..." አለና አቆመ። ናዴር ሲድኒ ከገባ ሃያ ዓመቱ ነው። የራሱ መኪና አለው፣ ልጆቹ እንኳ መንዳት ጀምረዋል። ላቢብ ይሄን ከኔ ይበልጥ ያውቃል። እጁን ጉልበቱ ላይ ደግፎ ከሳጥኑ ተነሳና፣ "በል አውጣው" አለኝ።

"ልብሱን?"

"ሁሉንም። ላስቲኩንም።"

ሐሳቡን ሳይለውጥ ብዬ ተነሳሁ። አራቱን ብሎን ፈትቼ የፊተኛውን ወንበር አወጣሁ። ቡናማውን ልብስ ገፈፍኩ፣ በፒንሳ የሽቦ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጠስኩ፣ ከዚያ ያንን የገዛ እጄን ስፌት በምላጭ ተረተርኩት። ወፍራሙ ላስቲክ ተነሳ። ከሥሩ ስሱ፣ የፋብሪካው፣ ቢጫ ሆኖ በእጄ ላይ እየተሰባበረ ወጣ። የምድር ቤት ሽታ ሸተተን። እና ከፋዩ ብቅ አለ። ያው የማር ቀለም ነው፤ አንድ እድፍ የለበትም። ላቢብ ፈገግ አለ።

"አየህ? አየህ አይደል? እንደ መጀመሪያው ቀን!"

እጁን ዘርግቶ፣ በአርባ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዳሰሰው። ጸጉሩ በሙሉ ከእጁ ጋር ተነሳ። ደግሞ ዳሰሰ፤ ጨርቁ ራሱ እንደ አሮጌ ወረቀት ተቀደደ፣ ከሥሩ ስፖንጁ ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ። የአርባ አራት በጋ ላብና ወበቅ ገብቶ መውጫ አጥቶ፣ ከውስጥ ጨርሶታል። የኋላውንም አየነው፤ ያው ነው። አየር እንዳያስገባ አድርጌ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ ላቢብ ወንበሩ እንዳይበላሽበት ፈርቶ በፍርሃቱ አበላሸው። አዘንኩለት። የራሴንም እጅ ጠላሁት።

ላቢብ ከመሬት የከፋዩን ብናኝ በመዳፉ ሰበሰበ። መሐረቡን አውጥቶ ቋጠረው።

"ይሄንኑ የሚመስል ፈልግልኝ" አለኝ።

"አልፈልግም። መጀመሪያ የሚቀመጥበትን ሰው ሂድና ጠይቅ።"

"እሷ ስለ ጨርቅ ምን ታውቃለች?"

"ስለ መቀመጥ ታውቃለች። ከኔም ካንተም በላይ።"

በኋላ እንደነገረችኝ፣ ላቢብ ቤት ገብቶ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። እሷ ልትስቅበት አስባ ነበር። ብናኙን ስታየው ግን ሳቁ ጠፋባት። "ቀለሙን እንኳ ዛሬ ገና አየሁት፤ ለካ እንዲህ ያምር ኖሯል" አለችው። ከዚያ ሁለቱም ሲያዩት አመሹ። በማግስቱ ሁለቱም አብረው ሱቄ መጡ።

"ኡስታ፣ ጨርቅ ልመርጥ ነው" አለች። "ሁለታችሁም ከኋላዬ ትመጣላችሁ፣ ግን አታወሩም።"

መኪናው ወንበር ስለሌለው በሚኒባስ ወደ ቡላቅ ጨርቅ ተራ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ላቢብ ስፖንጁ የወጣ መቀመጫ ደረሰው፤ ፈርያል አየችና "ይሄም ላስቲክ ነበረው ይሆናል" አለች። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

የጨርቅ ነጋዴው አብድ ኤል-ሻፊ የሚባል፣ እጀ ሰፊ፣ አፈ ጮሌ ሰው ነው። አሥር ዓይነት ጨርቅ ገልጦ ዘረጋ።

"ወንበር ስጠኝ" አለችው ፈርያል።

"ደክሞሽ ነው እማማ? ውሃ ላምጣ?"

"አልደከመኝም። ጨርቁን ወንበሩ ላይ ዘርጋው፣ ልቀመጥበት ነው።"

"እማማ፣ ጨርቅ እኮ በእጅ ነው የሚታየው።"

"እኔ በእጄ አይደለም የምቀመጠው።"

አብድ ኤል-ሻፊ እኔን አየኝ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ጨርቁን ወንበሩ ላይ ዘረጋላት፤ እሷ ተቀመጠች፣ ወደ ፊት ተንሸራተተች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደ መኪና ፍሬን ሰውነቷን ወደ ፊት ወረወረች። "የሚቀጥለው" አለች። ሃምሳ ዓመት ስሠራ ጨርቅ እንዲህ ሲፈተሽ አላየሁም። እኔ የምመርጠው በቀለሙ፣ በድሩና በስፌት አያያዙ ነው። ሰው እንደሚቀመጥበት የረሳሁ ይመስለኛል።

አታወሩም የተባልነውን ላቢብ የጠበቀው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። የማር ቀለም ያለው ከፋይ አግኝቶ እንደ ዋንጫ ታቅፎ መጣ።

"ይሄን ብቻ ሞክሪው። ቁርጥ የድሮው ነው።"

ሞከረችው። በዚያ ሙቀት ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብላ ተነሳች። "ያልባል።"

"ግን ያምራል!"

"ላቢብ፣ ሲያምር ብዙ አይተነዋል።"

በመጨረሻ የቆመችው ወፍራም ጥጥ ላይ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቀጭን ቢጫ መስመር ያለው። ተቀመጠችና ቶሎ አልተነሳችም። አብድ ኤል-ሻፊ ሌላ ሊዘረጋ ሲል በእጇ ከለከለችው። "ይሄ ያዘኝ" አለች።

"ቶሎ ይቆሽሻል" አለ ላቢብ።

"ይታጠባላ!"

"የተሰፋ ወንበር እንዴት ይታጠባል?"

"ዚፕ አደርግለታለሁ፣ ወልቆ ይታጠባል" አልኩ እኔ። ፈርያል ከዚያ ከክሽክሽታው ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደህና ዓይን አየችኝ።

ሥራው አምስት ቀን ወሰደብኝ። አሮጌ ልብስ ስንቀይር ልማዳችን ስፌቱን ተርትረን፣ ቁርጥራጩን በተራ ቁጥር ጽፈን፣ አዲሱ ጨርቅ ላይ ዘርግተን በጠመኔ ማስመር ነው። የላቢብ ከፋይ ግን ብናኝ ሆኗል፤ የሚዘረጋ ነገር የለም። ሱቁ መሐል ቆሜ ራሴን ሳክ ወለሉ ላይ የተጣለውን ወፍራም ላስቲክ አየሁት። የወንበሩን ቅርጽ አንድ ጣት ሳያጎድል ይዟል። ቆራረጥኩት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ በሱ ልክ አረንጓዴውን ቆረጥኩ። ያ ላስቲክ በዕድሜው የሠራው ደህና ሥራ ይሄ ብቻ ነው።

ሞላዎቹን አጥብቄ አሰርኳቸው፤ ሁለቱን ቀየርኩ። አዲስ ስፖንጅ ቆረጥኩ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝና ፈርያልን አስጠራሁ። እኔ ወንበር ለክቼ አውቃለሁ፣ መኪና ለክቼ አውቃለሁ፣ ተሳፋሪ ለክቼ ግን አላውቅም። ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ ለካሁ፤ ያ የተሰበረው ጉልበቷ ብዙ ሳይታጠፍ እንድትቀመጥ የሷን ወንበር ሦስት ጣት ያህል ከፍ አደረግሁት።

"የሱስ?" አለችኝ።

"የሱን ማን ሰበረው?"

"እሱስ ልቡ ነው የተሰበረው። እሱንም ትንሽ ስፖንጅ ጨምርለት" አለችና ሄደች። ጨመርኩለት።

ሊሄዱ የተነሱበት ሐሙስ ጠዋት፣ ላቢብ ከፈርያል ቀድሞ ደረሰ። ብብቱ ሥር ጥቅል ነገር ሸጉጧል። ሳየው ደሜ ፈላ። ስስ፣ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ላስቲክ ነው።

"ለጊዜው ብቻ ሸሃታ። መንገዱ አቧራ ነው። ራስ ኤል-ባር ስንደርስ አነሳዋለሁ።"

"ስማ ላቢብ፤ ይሄን ላስቲክ ከዘረጋኸው አንተን ነው የምጠቀልልበት። ከዚያ ወስጄ ከሰዓትህ ጋር ሳጥን ውስጥ እከትሃለሁ።"

"ድምፅህን ቀንስ፣ መጣች..."

ጥቅሉን ነጥቄ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ሥር ወረወርኩት። ፈርያል ደረሰች። በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው የወረቀት ቋጠሮ ይዛለች። ፎጣ አልያዘችም። ይሄን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ፊት ለፊት ያለው ባለ ፉሉም ጭልፋውን ይዞ ቆሞ ነበር።

ላቢብ በሩን ከፈተላት። መዳፏን ወንበሩ ላይ ጫን አደረገች። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ፤ ምንም ድምፅ እንደሌለው እያወቅኩ ያዝኩ።

"ዝም አለ" አለች።

ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ አለች፣ እግሮቿን አንድ በአንድ አስገባች። ጉልበቷ ከክሩስኮቱ ርቆ ቀረ። ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ምን እንደተሰማት አልጠየቅኋትም። እኔ ግን ከሃምሳ ዓመት ሥራዬ ውስጥ የዚያን ወንበር ያህል የኮራሁበት የለም።

ላቢብ በበኩሉ ዞሮ ሱሪውን አራገፈ፣ ጫማውን አራገፈ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተንጠልጥሎ መሪውን ያዘ። ክብደቱን በእጁ ነው የተሸከመው።

"ላቢብ" አለችው ዓይኗን ሳትገልጥ።

"አቤት።"

"ቁጭ በል እንጂ። የኛ እኮ ነው።"

ቀስ እያለ ወረደ። አዲሱ ስፖንጅ ተቀበለው። ወንበሩን በመዳፉ ከጎን ዳበስ አደረገ፤ ምንም አልተነሳም፣ ምንም አልተቀደደም።

ፈርያል ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ ፈታችው። የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ ነው፣ ገና ይሞቃል። እዚያ መኪና ውስጥ! አንዷን ቀጭ አድርጋ ፈለጠቻት። ላቢብ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቀኝ እጁ ከመሪው ተነሳና ወደሷ ሄደ። ቋጠሮውን ሊነጥቃት ነው ብዬ በመስኮቱ በኩል ልይዘው ጎንበስ አልኩ። እሱ ግን አንዲት ፍሬ አነሳ። ፈለጣት፣ በላት፣ ከዚያ ቅርፊቷን የት እንደሚያደርጋት ጨነቀው። ወንበሩን አየ፣ ወለሉን አየ። በመጨረሻ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት።

ፈርያል አየችው። ይሄኔ ትተርበዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን የራሷን ቅርፊት ከከንፈሯ አንስታ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ እዚያው ኪሱ ውስጥ ጨመረችለት።